ከምንባቡ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ

ዋሂል ከድሬዳዋ ከተማ ግርግር ወጣ ብሎ፣ በኮረብቶችና በደረቅ ወንዞች መካከል ተበታትነው የሚገኙ መንደሮች የሚጠሩበት ስም ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር ከከተማ ቀበሌዎቹ ሌላ 38 የገጠር ቀበሌዎች ነበሩት፤ እነዚህ በአራት ክላስተር ሲደለደሉ ከቢዮአዋሌ፣ ከጀልዴሳና ከሐሰሊሶ ጋር አንዱ ዋሂል ነበር። ማሽላ ይዘራል፣ ጫት ይተከላል፣ ፍየልና በግ ይረባል። ዝናብ በዘገየ ዓመት ልጆች ከትምህርት ቤት ይልቅ ውሃ ፍለጋ ይውላሉ።

የሦስተኛ ክፍል የንባብ ክፍለ ጊዜ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው ልጆቹ ከእናታቸው በተማሩት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ነው። መጽሐፉ ለሁሉም ስለማይደርስ መምህሩ ምንባቡን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎታል። አንዲት ልጅ ፍየሏን ውሃ ልታጠጣ ትወጣለች። የሰፈሯ ጉድጓድ ደርቆ ታገኘዋለች። ራቅ ወዳለ ሌላ ጉድጓድ ስትሄድ አንዲት አሮጊት ከቀዱት ውሃ ግማሹን ይሰጧታል። ምንባቡ ይኸው ነው። ልጆቹ መምህሩን ተከትለው ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። ልጅቷ ለምን ወጣች? «ፍየሏን ውሃ ልታጠጣ!» ጉድጓዱን ምን ሆኖ አገኘችው? «ደርቆ!» ውሃውን ማን ሰጣት? «አሮጊት!» መልሱ በአንድ ድምፅ ይወጣል። መምህሩ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ይጽፋል፣ ልጆቹ በደብተራቸው ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል።

በሌላ ክፍል፣ በዚያው ምንባብ ላይ፣ አንዲት መምህርት ለየት ያለ ጥያቄ ትጠይቃለች። «አሮጊቷ ግማሹን ብቻ ለምን ሰጧት? ሁሉንም ለምን አልሰጧትም?»

ዝም። መምህርቷ አትቸኩልም፣ መልሱንም አትናገርም። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን ታወጣለች። «እሳቸውም ቤት ልጆች አሉ» ትላለች። «ምንባቡ ውስጥ የት ላይ ይላል?» «አይልም። ግን ግማሹን አስቀርተዋል። ለራሳቸው ብቻ ቢሆን ያን ያህል አይቀዱም ነበር።» አንድ ልጅ አልተስማማም። «ነገ ይሄኛውም ጉድጓድ ቢደርቅ ብለው ነው። የልጅቷ ሰፈር ጉድጓድ ደርቆ የለ?» ሦስተኛዋ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ትላለች። መምህርቷ የተባለውን ሁሉ ከሰማች በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የሚመስለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምክንያቱን ጨምሮ እንዲጽፍ ታዛለች። የዚያን ቀን ደብተሮቹ ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት አልነበረም።

ሁለቱም ክፍሎች «አንብቦ መረዳት» የሚባለውን ትምህርት ተምረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙ ወላጆች፣ ብዙ ጊዜም መምህራን ራሳቸው፣ ከሚገምቱት በላይ ሰፊ ነው።

ሳይገባ የሚመለስ ጥያቄ

ይህን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ፦ «ብርቁላዋ ድምጣሙ ዘንጠራ ላይ ወጥታ ፈረነጠች።» ምንም ትርጉም የለውም፤ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የተፈጠረ ነው። አሁን ጥያቄዎቹን ይመልሱ። ብርቁላዋ የት ላይ ወጣች? ዘንጠራው ላይ። ዘንጠራው ምን ዓይነት ነበር? ድምጣም። ወጥታ ምን አደረገች? ፈረነጠች። ሦስት ከሦስት። አንባቢው ግን ብርቁላ እንስሳ ትሁን ዕቃ አያውቅም።

ቀጥሎ ደግሞ ይህን ይጠየቁ፦ ለምን ፈረነጠች? ባትፈረንጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እርስዎ በእሷ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? እዚህ ላይ የዓረፍተ ነገሩን ቃላት መልሶ መጥራት አያዋጣም። የሚያዋጣው መረዳት ብቻ ነው።

በመማሪያ ክፍሎቻችን ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን። አስፈላጊዎች ናቸው፤ ያልተነበበ ነገር ላይ ማሰብ አይቻልምና። ጉዳቱ ትምህርቱ እዚያው ላይ ሲያበቃ ነው። ልጁ የጥያቄውን ቃላት ሰሌዳው ላይ ፈልጎ አጠገባቸው ያለውን ቃል ማንሳት ይለምዳል፤ ልማዱ አስተማማኝ ማርክ ስለሚያስገኝለትም ይጸናበታል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዶሎሬስ ደርኪን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገራቸው የአራተኛ ክፍል የንባብ ትምህርቶችን ተቀምጠው ተከታትለው ነበር። ከ4,400 በላይ ደቂቃ ካዩት ትምህርት ውስጥ መምህራን ልጆች ያነበቡትን እንዴት እንደሚረዱ ያስተማሩበት ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኙት። የቀረው በመጠየቅ፣ በማረምና መልመጃ በማሠራት ያለፈ ነው። መጽሐፍና ወንበር ባልጎደለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ልጆች መጽሐፍ እየተጋሩ በሚማሩበት የዋሂል ክፍል መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

«ልጆቹ ጥያቄውን መለሱ ማለት ምንባቡን ተረዱ ማለት አይደለም።»

በእኛ አገር የማንቂያ ደወል የተደወለው በ2002 ዓ.ም. ነው። በሐረሪ፣ በኦሮሚያና በሶማሌ ጭምር፣ በስድስት ቋንቋዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ተፈተነ። በርካታ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ያነበቡትም ብዙዎቹ ስላነበቡት ሲጠየቁ መልስ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ መምህራን ሠለጠኑ። ፊደል መለየትና አቀላጥፎ ማንበብ ተገቢውን ትኩረት አገኘ። ያነበቡትን መመርመር ግን ወደ ኋላ ቀረ። በርካታ መምህራን የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ስለ ፊደልና ስለ ድምፅ ብዙ ሠልጥነናል፣ ልጆችን እንዴት እንደምናወያይ ያሳየን ግን የለም ይላሉ።

በሚገባው ቋንቋ

የዋሂል ልጆች አንድ ትልቅ ነገር አላቸው፤ በሚያልሙበት ቋንቋ ይማራሉ። ለአያቶቻቸው ይህ አልተፈቀደም ነበር። የሐረርጌው ሊቅ ሼክ በክሪ ሳጰሎ በ1948 ዓ.ም. ለአፋን ኦሮሞ የሚሆን ፊደል ፈጥረው ማስተማር ሲጀምሩ በጊዜው የነበረው መንግሥት በበጎ አላየውም፤ ሼኩ ድሬዳዋ ውስጥ በቁም እስር እንዲቆዩ ተደረገ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፤ ፊደሉ የግዕዝ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከላቲን የተወሰደው ፊደል፣ ቁቤ፣ ተመረጠ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ። ዛሬ በድሬዳዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ጎን ለጎን የማስተማሪያ ቋንቋዎች ናቸው።

ይህ ከማሰብ ጋር የሚያያዘው በቀጥታ ነው። ቋንቋው ያልገባው ልጅ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «ብርቁላ» ይሆንበታል። ሊያደርግ የሚችለው ቃሉን ከሰሌዳ አንስቶ መመለስ ብቻ ነው፤ ለምን ብሎ ለመሟገት የሚያስችል መነሻ የለውም። «ግማሹን ያስቀሩት ነገ ቢደርቅ ብለው ነው» ያለው ልጅ ይህን በእንግሊዝኛ ቢጠየቅ ዝም ባለ ነበር፤ ዝምታውም የማሰብ ድክመት ተደርጎ ይመዘገብበት ነበር። ስለዚህ ልጆች ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ የሚሉ ወላጆች ጭንቀታቸው ቢገባኝም አልስማማም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው መሟገት የለመደ ልጅ ሙግቱን ወደ ሌላ ቋንቋ ይዞት ይሻገራል።

ዱካ የሚለዩ ልጆች

ሌላም ሀብት አለ፤ በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው። የዋሂል ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት እረኛ ነው። አንዲት ፍየል ስትጎድል ሳይቆጥር ያውቃል። አሸዋ ላይ ያለ ዱካ አይቶ ትናንት የታለፈበት ይሁን ዛሬ ጠዋት፣ የጅብ ይሁን የውሻ ይለያል፤ «እንዴት አወቅህ?» ቢባል ማስረጃውን ይዘረዝራል። መምህራን በሥልጠና ላይ «ከማስረጃ ተነሥቶ መደምደሚያ ላይ መድረስ» እየተባለ የሚማሩት ይህንኑ ነው።

ማታ ደግሞ ሂቦ አለ፤ አማርኛ ተናጋሪው እንቆቅልሽ የሚለው። ጠያቂው ነገሩን በሌላ ነገር ሸፍኖ ያቀርባል፣ ተጠያቂው ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ይጥላል፣ መልሱ ካቃተው አገር ሰጥቶ ይሸነፋል። የጨዋታው ሕግ ዝም ብሎ መገመትን አይፈቅድም፤ መልሱ ከምልክቶቹ ሁሉ ጋር መግጠም አለበት። ሶማሊኛ ተናጋሪ ጎረቤቶችም የራሳቸው የእንቆቅልሽ ጨዋታ አላቸው።

ታዲያ ማታ እንዲህ የሚከራከር ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ለምን ዝም ይላል? አንድ ጡረታ የወጡ የድሬዳዋ ሱፐርቫይዘር መልሳቸው አጭር ነው፤ ትምህርት ቤት ትክክለኛ መልስ አንድ ብቻ እንደሆነና እሱም መምህሩ ዘንድ እንዳለ ስላስተማርነው ነው ይላሉ። በዕድሜ ወጣት የሆነች መምህርት ደግሞ ሂቦን ወደ ክፍሏ አስገብታዋለች። ልጆቹ ከቤታቸው አንድ አንድ ይዘው ይመጣሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ፈጥረው ይጽፋሉ። ስለ ጀሪካን፣ ስለ ባቡር ሐዲድ፣ ስለ ሞባይል ስልክ እንቆቅልሽ ለመፍጠር ነገሩን ከዚህም ከዚያም አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል። አንብቦ ለመጻፍ ዳተኛ የነበሩት ልጆች በዚህ ጊዜ እርሳስ እንደሚሻሙ ትናገራለች።

ላይቤሪያ ላይ የተገኘው

ማንበብና መጻፍ በራሱ ሰውን አሳቢ ያደርጋል የሚል እምነት ለረጅም ዘመን ነበር። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ላይቤሪያ ውስጥ በቫይ ሕዝብ ዘንድ ፈተኑት፤ ውጤቱን በመጽሐፍ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ቫዮች ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ነበራቸው። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት፣ ዐረብኛ በቁርዓን ትምህርት፣ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ያለ ትምህርት ቤት የሚማሩት የራሳቸው የቫይ ፊደል ደግሞ በዋነኛነት ለደብዳቤ።

ተመራማሪዎቹ ፊደል መቁጠር ብቻውን አጠቃላይ የማሰብ ለውጥ እንዳላመጣ አዩ። ለውጡ የመጣው ሰዎቹ ጽሕፈቱን ከሚጠቀሙበት ሥራ ነበር። ቁርዓን በቃል ያጠኑት በተራ እየጨመሩ ማስታወስን በሚጠይቅ ፈተና ይበልጣሉ። በቫይ ፊደል ደብዳቤ የሚጻጻፉት ደግሞ አንድን ጨዋታ አጠገባቸው ለሌለ ሰው ማስረዳት ሲታዘዙ የተሻለ ያስረዳሉ፤ ደብዳቤ ጸሐፊ አንባቢው የማያውቀውን ማሰብ አለበትና።

ይህ ግኝት ለዋሂል የተጻፈ ይመስላል። እዚያም ብዙ ልጆች ከመደበኛው ትምህርት በተጨማሪ ቁርዓን ይቀራሉ፤ በቃል የመያዝ ችሎታቸው የሚናቅ አይደለም። በሌላው የአገራችን ክፍል የቤተ ክህነት ተማሪም ዳዊትን የሚደግመው ግዕዙ ሳይገባው ነው። ግን ትምህርቱ እዚያ አያበቃም። ቅኔ ቤት ሲገባ ግሱንና አገባቡን ይማራል፣ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ማንም ያላለውን የራሱን ቅኔ አዘጋጅቶ መምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩ ሰሙና ወርቁ ካልተገጣጠመ ያርመዋል፣ ተማሪውም በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን መድገም አያስመሰግንም። ይህን ሥርዓት ለዘመናት ያቆየች አገር፣ በዘመናዊ ትምህርት ቤቷ ልጆች የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር ሳይሠሩ ክፍል ሲዛወሩ ማየት ያሳዝናል።

መገልበጥና መጻፍ

የአንድ አራተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ቢገለጥ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ወላጅ አይቶ ይደሰታል፣ ሱፐርቫይዘር ይፈርማል። ከገጽ ገጽ ሲኬድ ግን ከልጁ ራስ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይገኝ ይችላል። ሁሉም ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው።

መገልበጥን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፤ መጽሐፍ በጎደለበት ልጁ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ጽሑፍ ያ ብቻ ነው። ግን አንድ ገጽ ለመገልበጥ ከሚፈጀው ጊዜ ላይ አሥር ደቂቃ መቀነስ ይቻላል። በዚያ አሥር ደቂቃ ምን ይሠራ? ቀላሉ መንገድ አንድ ሐሳብ ሰጥቶ በሦስት አቅጣጫ ማስቀጠል ነው። «ዝናቡ ዘገየ፤ ምክንያቱም…»፣ «ዝናቡ ዘገየ፤ ነገር ግን…»፣ «ዝናቡ ዘገየ፤ ስለዚህ…»። የመጀመሪያው መንስኤ ያስፈልገዋል፣ ሁለተኛው ያልተጠበቀ ነገር፣ ሦስተኛው ውጤት። «ዝናቡ ዘገየ፤ ነገር ግን ማሽላው አልደረቀም» ብሎ የጻፈ ልጅ ወዲያው «ለምን አልደረቀም?» የሚል ጥያቄ በራሱ ላይ አስነሥቷል፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ማንም ማዘዝ አያስፈልገውም።

የቫይ ደብዳቤ ጸሐፊዎችን ትምህርትም መውሰድ ይቻላል። ልጆቹ ድሬዳዋ ከተማ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ለሚኖር፣ ዋሂልን አይቶ ለማያውቅ እኩያቸው፣ ከትምህርት ቤት ተነሥቶ ቤታቸው እንዴት እንደሚደርስ ይጻፉለት። ጽሑፉን ጓደኛ ይቀበልና በተጻፈው ብቻ ይመራ። «ከዛፉ ጋ ትታጠፋለህ» ሲል የትኛው ዛፍ? ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ? ጸሐፊው እሱ ያወቀውን ሁሉ ሌላው እንደማያውቅ የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። የሰውን ቦታ ወስዶ ማሰብ በስብከት የሚመጣ አይመስለኝም፤ በእንዲህ ያለ እርማት ግን ይመጣል።

«ከደብተሩ ውስጥ ከልጁ ራስ የወጣው የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?»

የፊደልና የነጥብ ስህተትን በተመለከተ መምህራን በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ እያንዳንዱ ስህተት በቀይ እስክርቢቶ ካልታረመ ልጁ ተሳስቶ ይቀራል ይላሉ። ሌሎቹ በቀይ የተሞላ ደብተር የተመለሰለት ልጅ በሚቀጥለው የሚጽፈው የሚያውቃቸውን ሦስት ቃላት ብቻ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አዘነብላለሁ። መጀመሪያ ሐሳቡ ይመለስለት፤ «እንዴት አወቅህ?»፣ «ይህን አብራራልኝ» ይባል። የፊደሉ እርማት ከዚያ ይከተል።

ልጅ በበዛበት ክፍል

መምህራን ይህን ሁሉ ሰምተው የሚያነሱት ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ይህን ሁሉ ልጅ እንዴት አድርጌ ላወያይ? የማንን ደብተር አይቼ የማንን ልተው? የገበያ ቀን ግማሹ ልጅ ይቀራል፣ በማግስቱ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ልጆችን በቡድን ማስቀመጥ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱ ደርሶ ነበር። በብዙ ቦታ የሆነው ግን ጎበዙ ሠርቶ የቀሩት መገልበጣቸው ነው፤ ቡድኑ ተሰጠ እንጂ የሚሠራው ሥራ አልተሰጠም። አን ማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ዘዴ ይህን ጉድለት ይሞላል። ትንሽ ቡድን አንድ አንቀጽ ያነባል፤ ከዚያ አራት ሥራ ይሠራል። አንቀጹን ማሳጠር፣ ጥያቄ ማውጣት፣ ያልገባን ነገር ማንሳትና ማብራራት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መተንበይ። የቡድኑ መሪነት በየአንቀጹ ይዞራል፤ በመጀመሪያ መምህሩ እንዴት እንደሚሠራ ራሱ ያሳያል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቃል። ጥናቱ የተሠራው ፊደል ማንበብ በማይቸግራቸው፣ ያነበቡትን መረዳት ግን በሚቸግራቸው ልጆች ላይ ነበር፤ የመረዳት ውጤታቸው በግልጽ ተሻሽሏል። ወጪው አንድ ምንባብና የመምህሩ ትዕግሥት ነው።

ትዕግሥት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘዴውን የሞከረ አንድ የገጠር መምህር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጩኸት ብቻ እንደነበሩ ይናገራል። ርዕሰ መምህሩ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ «ክፍሉ ለምን ይጮኻል?» ብሎታል። ከጥያቄ የሚመጣን ጩኸት ከረብሻ ጩኸት የሚለይ ርዕሰ መምህር ካልኖረ ይህ ትምህርት የትም አይደርስም።

ለጀማሪ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይበቃል። በእያንዳንዱ ምንባብ ላይ መልሱ ሰሌዳው ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ ማዘጋጀት፤ ከጠየቁ በኋላ በልብ እስከ አምስት መቁጠር፤ የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ «ልክ ነው» ከማለት በፊት «ሌላ የተለየ የሚያስብ አለ?» ማለት። ደብተሩንም በየቀኑ የአንድን ረድፍ ብቻ ማየት።

የሚፈተነው

አንዲት የዋሂል እናት፣ ራሷ ያልተማረች፣ ልጇ ስለ ጉድጓዱ ታሪክ ቤት መጥታ ከአባቷ ጋር ስትከራከር ሰምታለች። መከራከሯ አላስከፋትም። የምትጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ለስድስተኛ ክፍል ፈተና ይጠቅማታል ወይ?

ጥያቄዋ የብዙ ወላጆች ነው፤ መልሱም ዛሬ ባለው ሁኔታ የሚያጽናና አይደለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ልጆች በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ይፈተናሉ፤ ፈተናው በአብዛኛው ምርጫ ነው። ልጁ ከሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ መካከል አንዱን ያጠቁራል፤ ምክንያቱን የሚጽፍበት ቦታ የለም። መምህሩም የሚፈተነውን ያስተምራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቶ ኩረጃው ሲቀንስ፣ ከመቶው 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገር አስደነገጠ። ብዙ ተብሏል፤ ኩረጃ፣ ጦርነት፣ የመምህራን ኑሮ። ሁሉም እውነት አለበት። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች በአንድ ወቅት ሦስተኛ ክፍል ነበሩ፤ ጥያቄውን በአንድ ድምፅ መልሰው፣ ከሰሌዳ ገልብጠው፣ አለፉ ተብለው ወጡ።

ስለዚህ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ውስጥ አንድ አጭር ምንባብ፣ አንድ «ለምን ይመስልሃል?» የሚል ጥያቄና ለመልሱ አምስት ባዶ መስመር ቢገባ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ክፍሎቹን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ። የፈተና ባለሙያዎች የሚያነሱት ችግር አለ፤ የተጻፈ መልስ በማሽን አይታረምም፣ አራሚ ይፈልጋል፣ አራሚዎችም ይለያያሉ። ድሬዳዋ ግን አነስተኛ አስተዳደር ናት። የየክላስተሩን የቋንቋ መምህራን ለጥቂት ቀናት ሰብስቦ፣ በሦስቱም ቋንቋዎች አንድ ዓይነት የማረሚያ መመሪያ ሰጥቶ ማሳረም ለሌሎች ሰፋፊ ክልሎች ከሚሆነው ይቀልላታል። እርማቱ ራሱም ለመምህራኑ ሥልጠና ይሆናቸዋል፤ የዋሂሉ መምህር የጀልዴሳ ልጆች ለተመሳሳይ ጥያቄ ምን ብለው እንደጻፉ አይቶ ይመለሳልና። ለዚያች እናትም በዚያን ጊዜ አዎ፣ ይጠቅማታል ብሎ መመለስ ይቻላል።